በጠጠር ክፍተት ውስጥ ያለ ሕይወት፦ የአርሲ ደጋ ጅረቶች ወለልና ነዋሪዎቹ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ሁለት የተለያዩ ምክሮችን የያዘ ቢመስልም ስለ ወንዞች ለሚያጠና ሰው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የአንድ ወንዝ ውኃ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ የወንዙን ሥር፣ ማለትም ወለሉን፣ መመርመር ነውና።

በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በአካባቢዋ ያደገ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠ ጅረት ሳይሻገር የቀረ አይመስለንም። ነገር ግን ከረገጣቸው ድንጋዮች አንዱን አንሥቶ ሥሩን የተመለከተ ስንቱ ነው? በበጋ ወራት፣ ውኃው ጠርቶ በሚወርድበት ጊዜ፣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከወለሉ አንሥተን ብንገለብጠው እንደ ወረቀት የሳሱ ትንንሽ እንስሳት ከብርሃኑ ሸሽተው ወደ ጥላው ጎን ሲሮጡ እናያለን። በድንጋዩ ላይ ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራች ትንሽ ቱቦ ተጣብቃ ትገኝ ይሆናል፤ በቱቦዋም ውስጥ አንዲት እጭ አለች። ድንጋዩ ከተነሣበት ጉድጓድ ደግሞ ሸርጣን ወደ ኋላው እየተሳበ ሊወጣ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ እንስሳት እነማን እንደሆኑ፣ ለምን ጠጠርና አሸዋ ባለበት ወለል እንደሚኖሩ፣ መኖሪያቸው ሲበላሽ ምን እንደሚከተልና ከእነሱ ስለ ውኃችን ምን ማወቅ እንደምንችል ማስረዳት ነው።

ወለሉ ከምን ተሠራ?

ጭላሎ፣ በዳና ካካ የተባሉት የአርሲ ተራሮች ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩና ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው ናቸው። በበረዶ ዘመን በበዳ ተራራ አናት ላይ የበረዶ ግግር እንደነበረ በአካባቢው የቀሩት ምልክቶች ያስረዳሉ። ብርድ፣ ሙቀት፣ በረዶና ዝናብ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የእሳተ ገሞራውን አለት እየሰነጣጠቁ ሲያፈርሱት ስብርባሪውን ጅረቶች ተቀብለው እያንከባለሉ ወደ ቆላው ያወርዱታል። የጭላሎንና የአጎራባች ተራሮችን ምዕራባዊ ተዳፋት ውኃ የሚሰበስበው የካታር ወንዝ መድረሻው የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ነው። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጭላሎ አናት የሚነሣ ውኃ 40 ኪሎ ሜትር ባልሞላ የአየር ርቀት ውስጥ ከ2300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው።

ይህ ቁልቁለት የወለሉን ዓይነት ይወስናል። ተዳፋቱ ቀጥ ባለበት ቦታ ውኃው ጉልበት ስላለው ደቃቁን አፈር ጠርጎ ወስዶ ትላልቁን ድንጋይና ጠጠር ያስቀራል። ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና በመጀመሪያ አሸዋውን፣ ቀጥሎም ደለሉን ያስቀምጣል። በሳጉሬ አጠገብ የሚያልፈው የአሸበቃ ወንዝ የካታር ገባር ነው፤ እንዲህ ባሉ የደጋ ገባሮች ላይ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ውስጥ ቋጥኝ፣ ኮረት፣ አሸዋና ጭቃ እየተፈራረቁ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

የሥነ ምድር ባለሙያዎች ቅንጣቶችን በመጠናቸው ይከፋፍሏቸዋል። አሜሪካዊው ቸስተር ዌንትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ባወጣውና እስከ ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ መሠረት ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት አሸዋ ይባላል። ከ2 እስከ 64 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ነው። ከ64 እስከ 256 ሚሊ ሜትር ያለው ድቡልቡል ድንጋይ ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው ቋጥኝ ነው። ከአሸዋ በታች ደግሞ ደለል፣ ከደለልም በታች ሸክላ ይገኛል። ይህ ክፍፍል ለሥነ ሕይወት ተማሪም ከቁጥርነት ያለፈ ትርጉም አለው። የቅንጣቱ መጠን በተለወጠ ቁጥር በመካከሉ የሚኖረው እንስሳም ይለወጣልና።

ክፍተቱ ቤት ነው

አንድ ባለ አንድ ሊትር ጣሳ እኩል መጠን ባላቸው ድቡልቡል ጠጠሮች ብንሞላው ጣሳው በእርግጥ ሞልቷልን? አልሞላም። ክብ የሆኑ እኩል ቅንጣቶች እጅግ በላላ መንገድ ሲደረደሩ ከጠቅላላው ይዘት 48 በመቶ ያህሉ ባዶ ነው፤ እጅግ በጠበቀ መንገድ ሲደረደሩም 26 በመቶ ያህሉ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ መጠን በቅንጣቱ ትልቅነት ወይም ትንሽነት የማይወሰን መሆኑ ነው። ጣሳው በጠጠር ቢሞላም በአሸዋ ቢሞላም የባዶው ድርሻ ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልዩነቱ በእያንዳንዱ ክፍተት ስፋት ላይ ነው። በጠጠር መካከል ያሉት ክፍተቶች ጥቂትና ሰፋፊ ናቸው፤ በአሸዋ መካከል ያሉት ግን እጅግ ብዙና ጠባብ ናቸው። ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ውኃን ይይዛል። አደራደሩ አንድ ዓይነት ከሆነ የወለሉ ውኃ የማሳለፍ ችሎታ ከቅንጣቱ ስፋት ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው አሸዋ ይልቅ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ውኃን 100 እጥፍ በሚሆን ቅለት ያሳልፋል። የጠጠር ወለል «ይተነፍሳል» የምንለው ለዚህ ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ውኃ ያለማቋረጥ በውስጡ ያልፋል።

ሌላም ጥቅም አለ። 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ጠጠሮች የተሞላ፣ ባዶው ድርሻ 40 በመቶ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ ወለል ብንወስድ የጠጠሮቹ ገጽ ተደምሮ 180 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ወደ ሦስት የሚጠጉ መካከለኛ የመማሪያ ክፍሎችን ወለል ያህላል። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ዋቅላሚዎች፣ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ሠርተው ይኖራሉ። ብርሃን በሚደርስበት ላይኛው ገጽ ዋቅላሚዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ብርሃን በማይደርስበት ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ብስባሽ ይበላሉ። ወንዝ ራሱን ያጠራል ሲባል ከሥራው ብዙው የሚከናወነው በዚህ ሽፋን ነው።

ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው?

የጅረት ወለል እንስሳት አብዛኛዎቹ ኢደንደሴዎች፣ ማለትም አከርካሪ የሌላቸው፣ ሲሆኑ ከእነሱም መካከል የነፍሳት እጮችና ኩብኩባዎች በቁጥር ይበልጣሉ። እያንዳንዱ አስተኔ ለወለሉ ዓይነት የሚስማማ የአካል ቅርጽ አለው።

በመጀመሪያ የምንጠቅሰው ኤፌሜሮፕቴራ የተባለውን ክፍለመደብ ነው። ስሙ የተገኘው «ለአንድ ቀን የሚኖር» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክኛ ቃል ነው። ጉልምሱ በአየር ላይ ከጥቂት ሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚኖር ነው ይህ ስም የተሰጠው። ኩብኩባው ግን በወንዙ ወለል ለሳምንታት ወይም ለወራት ያድጋል። በዚህ ክፍለመደብ ሥር የሚገኘው ሄፕታጄኒዴ የተባለው አስተኔ ጠፍጣፋ ገላ አለው። በድንጋይ ላይ ተለጥፎ ስለሚሄድ ኃይለኛው ውኃ በላዩ ያልፋል እንጂ አያነሣውም። ስንጥቦቹ በሆዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይታያሉ፤ የሚበላውም በድንጋዩ ላይ ያለውን ዋቅላሚ እየፋቀ ነው። ቤቲዴ የተባለው አስተኔ ግን እንደ ዓሣ ሾል ያለ ገላ ስላለው በድንጋዮች መካከል ይዋኛል። ኬኒዴ የተባለው ሦስተኛው አስተኔ ስንጥቦቹን የሚሸፍን ክዳን አለው። ክዳኑ ደለል ስንጥቡን እንዳይደፍነው ስለሚከላከል ኬኒዴ ደቃቅ አፈር ባለበት ወለልም ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ትሪኮፕቴራ የተባለው ክፍለመደብ ነው። ከዚህ ክፍለመደብ አንዳንዶቹ እጮች ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር መሰል ክር የአሸዋ ቅንጣትን ወይም የቅጠል ቁራጭን እየሰፉ ተንቀሳቃሽ ቤት ይሠራሉ። ሃይድሮፕሲኪዴ የተባለው አስተኔ ደግሞ ቤት ይዞ አይዞርም። በሁለት ድንጋዮች መካከል ባለው ክፍተት እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይዘረጋል፤ ውኃው የሚያመጣውን ምግብም ከመረቡ ላይ ይለቅማል። ይህ እንስሳ በምንም መልኩ ያለ ክፍተት ሊኖር አይችልም። መረብ የሚወጠረው በሁለት ነገሮች መካከል ነውና።

ሲሙሊዴ የተባሉት የጥቋቁር ዝንቦች እጮች በኃይለኛ ውኃ ውስጥ በድንጋይ ላይ ተጣብቀው በራሳቸው ላይ ባለ ማራገቢያ መሰል አካል ምግብ ያጠልላሉ። ከእነዚህ ዝንቦች አንዳንድ ዝርያዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የወንዝ ዓይነ ስውርነት የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ለጤና ባለሙያዎችም ጥናት አስፈላጊዎች ናቸው።

አሸዋ በበዛበት ወለል ደግሞ ሌሎች ይኖራሉ። ጎምፊዴ የተባለው የውኃ ተርብ ኩብኩባ ገላውን በአሸዋ ውስጥ ቀብሮ ዐይኑን ብቻ አውጥቶ አድፍጦ ይጠብቃል። ጭቃው ሲበዛ የካይሮኖሚዴ እጮችና ቀያይ የውኃ ትሎች ይበረክታሉ። እነዚህ እንስሳት ቀይ የሆኑት እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ጥቂቱን ኦክስጅን አጥብቆ ለመያዝ ያስችላቸዋል።

ሥውሩ ወለልና የባሕር ዘመዱ

እስካሁን የተናገርነው ድንጋይ ስናነሣ ስለሚታየው ነው። ነገር ግን ከሚታየው ወለል በታች፣ የወንዙ ውኃና የከርሰ ምድር ውኃ በጠጠሩ ውስጥ በሚቀላቀሉበት ስፍራ፣ ሌላ ማኅበረሰብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሮማኒያዊው ትራያን ኦርጊዳን ይህን ስፍራ ራሱን የቻለ የሕይወት አካባቢ አድርጎ ገልጾ «ሃይፖሪክ» የሚል ስም ሰጠው፤ ትርጉሙም «ከፍሰት በታች» ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ኮፔፖዶች፣ ድቡልቡል ትሎች፣ የውኃ መዥገር መሰል እንስሳትና ገና ከእንቁላል የወጡ እጮች ይኖራሉ። በክረምት ጎርፍ ወለሉን ሲያምስ ወይም በበጋ ጅረቱ ሲደርቅ ከላይ የሚኖሩት ብዙዎቹ ወደዚህ ጥልቅ ስፍራ ወርደው ይጠለላሉ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ወለሉ እንደገና በሕይወት የሚሞላው ከዚህ መሸሸጊያ በሚወጡት፣ ከላይ በውኃ ተገፍተው በሚመጡትና በራሪዎቹ ጉልምሶች በሚጥሉት እንቁላል ነው።

ተመሳሳይ ሕይወት በባሕር ወለልም ይገኛል። ሞገድና ማዕበል ደቃቁን ጭቃ ጠርጎ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ ባስቀረበት የባሕር ወለል፣ በቅንጣቶቹ መካከል ለዐይን የማይታዩ ብዙ ዓይነት እንስሳት ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1942 ሞሊ ሜር የተባሉት እንግሊዛዊት ተመራማሪ እነዚህን ከደቃቆቹም ከትላልቆቹም ለመለየት «ሜዮቤንቶስ» የሚል ስያሜ አቀረቡ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የሆነው ነው። ራይንሃርት ክሪስተንሰን የተባሉት ዴንማርካዊ ሳይንቲስት በፈረንሳይ ሮስኮፍ አጠገብ ከባሕር ወለል የተወሰደ የቀንድ አውጣና የዛጎል ስብርባሪ ጠጠር ሲመረምሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሱ እንስሳት አገኙ። እንስሳቱ በየትኛውም የታወቀ ክፍለስፍን ሊመደቡ ስላልቻሉ ሎሪሲፌራ የተባለ አዲስ ክፍለስፍን ተመሠረተላቸው። ዝርያ ወይም ወገን ሳይሆን ክፍለስፍን መሆኑን ልብ ይሏል። የሰው ልጅ ጨረቃን ከረገጠ ከ14 ዓመታት በኋላ በአንድ እፍኝ ጠጠር ውስጥ ሙሉ የእንስሳት ክፍለስፍን ሳይታወቅ ቆይቶ ተገኘ።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ ሕጉ በባሕርም በጅረትም አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ የሕይወቱን ብዛትና ዓይነት የሚወስነው የክፍተቱ ስፋትና በክፍተቱ ውስጥ የሚያልፈው ኦክስጅን ነው።

ከፍታና ኦክስጅን

በደጋ ጅረት ይህ ሕግ ይበልጥ ይጠብቃል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2430 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ከአየሩ ግፊት ጋር ስለሚመጣጠን እሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል በአሰላ ከፍታ የሚይዘው ወደ 8.5 ሚሊ ግራም ነው። ውኃው እስከ 20 ዲግሪ ከሞቀ ደግሞ ወደ 6.8 ሚሊ ግራም ይወርዳል።

ስለዚህ የደጋ ጅረት እንስሳ በሁለት ነገሮች ይደገፋል። አንደኛው የውኃው ቅዝቃዜ ነው፤ ይህንንም የወንዝ ዳር ዛፎች ጥላ ይጠብቅለታል። ሁለተኛው ውኃው በድንጋይ ላይ እየተንኮለኮለ ከአየር ጋር መቀላቀሉና በጠጠሩ ውስጥ ማለፉ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል ለመኖር የቀረው ትርፍ እጅግ ጠባብ ይሆናል።

ክፍተቱ ሲደፈን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የአርሲ ደጋ በስንዴና በገብስ ምርት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እና የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለዘመናዊ እርሻ መስፋፋት ያደረጉት አስተዋጽኦ በሰፊው የሚታወቅ ነው። ምርቱ ለአገር የሚያስፈልግ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ተዳፋት መሬት ያለ እርከን ሲታረስ፣ በተለይም ቡቃያው መሬቱን ሳይሸፍነው የክረምቱ ዝናብ ሲጥል፣ ለም አፈር ተጠርጎ ጅረት ይገባል። ገበሬው አፈሩን ሲያጣ ጅረቱ ደግሞ ክፍተቱን ያጣል። አንዱ ኪሳራ በማሳው ላይ የሚታይ ሲሆን ሁለተኛው ግን በውኃው ሥር ስለሚፈጸም ማንም አያየውም።

ጉዳቱን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በ1 ሊትር ጠጠር ውስጥ 40 በመቶ፣ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር፣ ክፍተት አለ እንበል። ይህ ክፍተት በአሸዋ ቢሞላ አሸዋው ራሱ 40 በመቶ ክፍተት ስላለው የሚቀረው የ400 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ፣ ማለትም 160 ሚሊ ሊትር ነው። ይህም በተራው በደለል ቢሞላ በተመሳሳይ ስሌት 64 ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀራል። ከዚህም የከፋው የቀሩት ክፍተቶች እጅግ ጠባቦች መሆናቸው ነው። ቀድሞ በጠጠሩ ውስጥ ይመላለስ የነበረው ውኃ ይቆማል፤ ኦክስጅንም ያልቃል። ከላይ የሚፈሰው ውኃ ግን ሊጠራና ሊያምር ይችላል።

በዚህ ጊዜ ነዋሪዎቹ በቅደም ተከተል ይሰደዳሉ። በመጀመሪያ የሚጠፉት በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ሄፕታጄኒዴና መረብ የሚዘረጉት ሃይድሮፕሲኪዴ ናቸው። ኬኒዴ በስንጥብ ክዳኑ እየታገዘ ይቆያል። በመጨረሻ ካይሮኖሚዴና የውኃ ትሎች ወለሉን ይወርሱታል። የእነዚህ ቁጥር እጅግ ሊበዛ ስለሚችል እንስሳትን በጅምላ ብቻ የሚቆጥር ሰው ወንዙ ጤነኛ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። የወንዝ ጤንነት የሚለካው በነዋሪዎቹ ዓይነት እንጂ በብዛታቸው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ የግንባታ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ወለል መዛቁ ነው። ቤትና መንገድ ያለ አሸዋና ያለ ጠጠር አይሠራም። ይሁን እንጂ ውኃ ካለበት ወለል ሲዛቅ መኖሪያው ራሱ ይነሣል፤ የተነሣው ደለልም ወደ ታች ወርዶ የሌላውን ቦታ ክፍተት ይደፍናል።

ጉዳቱ በትንንሽ እንስሳት ብቻ የሚቆም አይደለም። የጣና ሐይቅ ምሳሌ ይህን ያስረዳል። በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ በርካታ የሌበኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕና ኦክስጅን የሞላበት ውኃ በሚያልፍበት የጠጠር ወለል ላይ ነው። ጠጠሩ ከተዛቀ ወይም በደለል ከተደፈነ እንቁላሉ ይታፈናል። የዝዋይ ሐይቅም የራሱ ብርቅ ዓሣ አለው፤ ሌበኦባርበስ ኢትዮጲከስ የሚባለው ዝርያ የዚያው ተፋሰስ ነው። የካታርና የገባሮቹ ወለል ከሐይቁ ጋር የአንድ ቤት ደጅና ጓዳ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነዋሪዎቹ እንደ ምስክር

ኬሚካዊ ምርመራ ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት በውኃው ውስጥ ያለውን ይነግረናል። ትናንት ሌሊት የተለቀቀ ቆሻሻ ዛሬ ጧት አልፎ ሄዶ ከሆነ ግን አይገኝም። የወለል እንስሳት ግን ለወራት በአንድ ስፍራ ስለሚኖሩ የደረሰውን ሁሉ በአካላቸው አሳልፈዋል። በመሆኑም በቦታው የተገኙትና የጠፉት አስተኔዎች ዝርዝር የወንዙን ያለፉ ወራት ታሪክ ይነግረናል።

ይህን ሐሳብ ጀርመናውያኑ ሪቻርድ ኮልክዊትዝና ማክሲሚሊያን ማርሰን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሥርዓት አቀረቡት። በኋላም በብሪታኒያ ለእያንዳንዱ አስተኔ እንደ ስሜታዊነቱ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥ ዘዴ ወጣ፤ ደቡብ አፍሪካም የራሷን አዘጋጀች። በአገራችን ኤ. ዲ. ሃሪሰንና ኤች. ቢ. ኤን. ሃይንስ የኢትዮጵያን ተራራማ ጅረቶችና ወንዞች የወለል እንስሳት የሚገልጽ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአበበ በየነና የባልደረቦቻቸው ጥናት በአዲስ አበባ የቀበናና የአቃቂ ወንዞችን ብክለት በወለል እንስሳትና በዲያቶም ዋቅላሚዎች መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ለኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶችና ወንዞች የተዘጋጀ «ኢትባዮስ» የተባለ የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ አሳትመዋል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት የመካከለኛውንና የደቡብ ምሥራቁን ደጋ ወንዞች ለመገምገም የሚያገለግል ሌላ መለኪያም አውጥተዋል። የውጭ አገር መለኪያ ተውሶ መጠቀም ሁልጊዜ አይበቃም፤ በእኛ ደጋ የሌለ አስተኔ «ስላልተገኘ» ወንዙ ተበክሏል ማለት ስሕተት ይሆናልና።

ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ሙከራ

የመጀመሪያው ሙከራ በክፍል ውስጥ የሚሠራ ነው። ሦስት እኩል ጣሳዎች ያዘጋጁ። አንደኛውን ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የታጠበ ደረቅ ጠጠር፣ ሁለተኛውን በዚያው ጠጠርና በመካከሉ እየነቀነቁ በሚጨምሩት ደረቅ አሸዋ፣ ሦስተኛውን በጠጠር፣ በአሸዋና ነፍቶ በተዘጋጀ ደቃቅ አፈር ይሙሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ጣሳ እስኪሞላ የሚወስደውን ውኃ በመለኪያ እየጨመሩ ይመዝግቡ። ከላይ ካቀረብነው ስሌት ጋር ሲያነጻጽሩት ልዩነት ቢያገኙ ምክንያቱን ይወያዩበት፤ የተፈጥሮ ጠጠር ድቡልቡል ነውን? መጠኑስ እኩል ነውን? ቀጥሎም የጣሳዎቹን ሥር በምስማር በስተው እኩል ውኃ ያፍስሱባቸውና በስንት ሰከንድ እንደሚወርድ ይለኩ።

ሁለተኛው ሙከራ በጅረት ዳር የሚሠራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ጎርፍ በሌለበትና ውኃው ከጉልበት በታች በሆነበት ቦታ፣ ከመምህር ጋር ይውጡ። አንዱ ተማሪ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተሠራ መረብ ከፍሰቱ በታች ሲይዝ ሌላው ከመረቡ በላይ ያለውን 25 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል በእግሩ ያምሰዋል፤ ድንጋዮቹንም በእጁ ያጥባል። የተያዘውን በነጭ ሳሕን ላይ ገልብጦ በየአስተኔው ለይቶ መቁጠር፣ ከዚያም እንስሳቱን በሕይወት ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ከከተማው በላይ፣ በከተማው ውስጥና ከከተማው በታች ሦስት ቦታዎችን መርጦ ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። በእያንዳንዱ ቦታ ድንጋዮቹ ምን ያህል በአሸዋና በጭቃ እንደተቀበሩ መመዝገብም አይዘንጋ። ወደ ውኃ የሚገቡት ጫማ አድርገው ይሁን፤ የተቆረጠ ወይም የቆሰለ እግር ይዞ መግባት አይገባም፤ ከሙከራውም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የጅረት ወለል ሕይወት የሚኖረው በድንጋዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ነው። ያ ስፍራ ለነዋሪዎቹ ቤት፣ ለወንዙ ማጣሪያ፣ ለዓሣ እንቁላል መታቀፊያ፣ ለእኛም ስለ ውኃችን የምንጠይቀው ምስክር ነው። የሚጠበቀውም ከወንዙ ውስጥ ሳይሆን ከወንዙ ውጭ በሚሠራ ሥራ ነው፤ በተዳፋት ማሳ ላይ እርከን በመሥራት፣ በወንዝ ዳር ሣርና አገር በቀል ዛፍ ያለበት ያልታረሰ ጠርዝ በመተው፣ ከብቶች በተወሰነ መልካ ብቻ እንዲጠጡ በማድረግና የግንባታ አሸዋ ውኃ ከሚንኮለኮልበት የጠጠር ወለል እንዳይዛቅ በመከላከል።

አንድ ነገር ግን ለነገ የሚባል አይደለም። የብዙዎቹ ትንንሽ ጅረቶቻችን ነዋሪዎች ዛሬ እነማን እንደሆኑ በጽሑፍ አልተመዘገበም። ያልተመዘገበ ነዋሪ ሲጠፋ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም። አንድ ትምህርት ቤት በአጠገቡ በሚያልፈው ጅረት ላይ በየዓመቱ ኅዳር ወር አንድ ጊዜ ቆጥሮ በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ደብተር ማንኛውም ተመራማሪ በገንዘብ ሊገዛው የማይችለው ማስረጃ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ መረብ፣ አንድ ነጭ ሳሕን፣ አንድ ደብተርና ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሣ ተማሪ ነው።